ለሦስተኛዋ እጩ የተላኩ ሽማግሌዎች

አትላንታ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ አለማየሁ፣
አሰላ

ነገሩ የተበላሸው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ አቶ ተክሌ ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አስጠግተው «እህታችን ሐምራዊትን ደግሞ ስላዘጋጀችልን ምሳ እናመሰግናለን» ባሉባት ቅጽበት ነው። ሰላምታዬን ሳላስቀድም በዚህ ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። ጤናዎን፣ የገሊላን ደኅንነት፣ የአሰላን ብርድ ሁሉንም እጠይቃለሁ። ግን ከቅዳሜ ወዲህ ይህች ዓረፍተ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆማ ሌላ ነገር አላሳልፍ ስላለች መጀመሪያ እሷ ትውጣልኝ።

እርስዎ የአባቴ የአጎት ልጅ ብቻ አይደሉም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ስናደድም ስስቅም የምነግርዎ ሰው ነዎት። ስልክ ብደውል ጆሮዎ አይሰማልኝም፤ እኔም እየጮኽኩ መናደድ አልወድም። ስለዚህ እንደለመድነው ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም እልካለሁ።

እዚህ የአትላንታ ኢትዮጵያውያን ማኅበር የሚባል እንዳለንና እኔም ጸሐፊው እንደሆንኩ ያውቃሉ። በስኮትዴል የተዘጋ አንድ የምንጣፍ መደብር አለ። እሱን ገዝተን የማኅበር ቤት እናድርገው፣ ልጆች አማርኛ ይማሩበት፣ አረጋውያን ይዋሉበት፣ ለቅሶ የደረሰበት ሰው ይቀመጥበት ብዬ ያጠናሁት እኔ ነኝ። ሚድታውን ካለው ሆስፒታል፣ ከመረጃ ክፍል ሥራዬ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድም ነበር። የባንኩን ሰው፣ የካውንቲውን ፈቃድ ሰጪ፣ ጣሪያ የሚመረምረውን ባለሙያ ሁሉ ያናገርኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ በጠቅላላ ጉባኤው አቶ ተክሌ፣ ሥልጣን የሚለቁት ፕሬዝዳንታችን፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ለወንድማችን ለመክብብ ጥናት ከፍ ያለ ጭብጨባ!»

መክብብ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ የመኪና ድርጅት አለው፤ ለፕሬዝዳንትነትም ይወዳደራል። ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ጥናቱን ያየው ያን ዕለት ጠዋት ይመስለኛል፤ እሱም ሽፋኑ ላይ የድርጅቱን አርማ ለመለጠፍ። ከዚያ ነው የእኔ ምሳ የመጣው።

ምሳውን እኮ አላዘጋጀሁም ጋሽዬ! ምሳውን ያዘጋጀችው ፈትያ ናት። ፈትያ የኮምቦልቻ ሴት ናት፤ የትምህርት ቤት አውቶብስ ትነዳለች፤ ሳቋ ከአውቶብሱ ቀድሞ ይደርሳል። ጉባኤው ሲበተን መኪናዬን ፓርክ ያደረግኩበት ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ቁሚ እስቲ» አለችኝ። «ያንቺን ጥናት ለመክብብ ሰጡት። የኔን ምሳ ላንቺ ሰጡሽ። ለኔ የማንን ሰጡኝ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው የተረፈው ፕሬዝዳንትነቱ ነው። እሱን እንውሰድ።»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ነገር ግን የመኪናዬን ቁልፍ ከእጄ ወስዳ እሺ እስክል ድረስ አልመለሰችልኝም።

«አንቺ ፕሬዝዳንት፣ እኔ ምክትል» አለች። «አንቺ ትምህርት አለሽ፤ እኔ ጉሮሮ አለኝ።»

ስለዚህ ጋሽዬ፣ ልወዳደር ነው። እስከ ዛሬ ሁለት ወገን ብቻ ነበር፤ እኛ ሦስተኛ እንሆናለን። ምን ይላሉ?

ልጅዎ ሐምራዊት


አሰላ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሐምራዊት

ሰላምታዬ ጭላሎን ተሻግሮ፣ ያንን ሁሉ ውቅያኖስም ተሻግሮ ደጃፍሽ ይድረስ። የእጅሽን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጆሮዬም ቢሆን መስማት የማልፈልገውን ስለማያስገባ ብዙ አላማርረውም።

ደብዳቤሽን ለገሊላ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ምሳው ጋ ስንደርስ እሷ ተናደደች፣ እኔ ሳቅኩ። ፈትያ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ሳቅን። ተወዳደሪ! ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ከኋላ ወንበር ተነሥተው «መምህር፣ ካርታው ተሳስቷል» የሚሉኝን ልጆች ነበር የምወደው። አንቺም ከእነሱ ወገን ነሽ።

ነገር ግን የመምህርነት ጥያቄ አለኝ። ያላችሁበት አገር ራሱ ለፕሬዝዳንትነት ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጭ የቆመ ሰው አያሸንፍም ሲባል ጆሮዬ ደኅና በነበረ ጊዜ በራዲዮ እሰማ ነበር። ታዲያ ሦስተኛ ሆኖ መቆም ምን ይፈይዳል? ሁለቱ ወገኖችስ የሚለያዩት በምንድን ነው? በሃይማኖት ነው? በአገር ልጅነት ነው? እንዳትሸፋፍኚብኝ።

ከእኛ በኩል የምሥራች አለ። ገሊላ ታጨች። የመጨረሻ ልጄ ነችና ቤቱ ባዶ እንደሚሆን ሳስብ ትንሽ ከፋኝ፤ ግን ልጁን ወድጄዋለሁ። ኤልቃና ይባላል፤ የእርሻ ባለሙያ ነው፤ ሲናገር ፊቴን እያየ ቀስ ብሎ ስለሚናገር እሰማዋለሁ። ሰርጉ የካቲት መባቻ ነው። ቤተሰቡ እዚያው አትላንታ ሰው አላቸው አሉ፤ ማን እንደሆነ ገና አልጠየቅሁም።

የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ለጆሮ ማዳመጫዬ የሚሆን ባትሪ ላኪልኝ። የምርጫውን ወሬ ግን ሰው ሳትጠብቂ ላኪ።

አባትሽ አለማየሁ


አትላንታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ አለማየሁ

የገሊላን ነገር ሰምቼ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብቻዬን እልል ልል ነበር፤ በሽተኛ እንዳላስደነግጥ ብዬ ተውኩት። ጎጆዋን ያሙቅላት። ዘመድ ተብሎ እዚህ ያለውንም ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቁልኝ፤ ሄጄ እተዋወቀዋለሁ። ባትሪውን ወደ አገር ቤት በምትሄድ ነርስ እጅ ልኬያለሁ።

ሁለቱ ወገኖች በምን ይለያሉ ላሉኝ፣ መልሱን ለማግኘት ብዙ ሰው ጠየቅሁ። በሃይማኖት አይደለም፤ በሁለቱም ወገን ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም ሙስሊምም አለ። በአገር ልጅነትም አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት የእንቁጣጣሽ ሽርሽር ስቶን ማውንቴን የሚባለው ተራራ ላይ ይሁን ወይስ ሐይቅ ዳር ተባብለው ተጣሉ። በቃ፣ ይኸው ነው! የተራራው ወገንና የሐይቁ ወገን ይባላሉ። ሽርሽሩ ራሱ ከቀረ ቆይቷል፤ ጠቡ ግን አልቀረም። የተራራው ወገን መክብብን አቁሟል። የሐይቁ ወገን አንዷለምን አቁሟል፤ እሱ ቤት አሻሻጭ ነው፤ ፎቶው በሐበሻ ሱቅ በር ሁሉ ላይ ፈገግ ብሎ ተለጥፏል። የተራራ ሰው በአንዷለም በኩል ቤት አይገዛም፣ የሐይቅ ሰው በመክብብ መኪና ኤርፖርት አይሄድም። ለቅሶ ቤት ከተገናኙ ወንበራቸውን ያዞራሉ።

ሦስተኛ መሆን ምን ይፈይዳል ላሉኝ ደግሞ እንዲህ አስባለሁ። ሁለት ሰው ብቻ ሲወዳደር፣ አንዱ ሌላውን መጥላት ብቻ ይበቃዋል። «እሱን እንዳትመርጡ» ካለ ሥራውን ጨረሰ። ሦስተኛ ሰው ሲገባ ግን ያ አይሠራም፤ ሁለቱም ምን እንደሚሠሩ መናገር ይገደዳሉ። በዚህ አገር ትልቅ ምርጫም ሦስተኛው ወንበሩን ባያገኝ ሁለቱን ከተኙበት ይቀሰቅሳል፤ ማን እንደሚያሸንፍና ማን እንደሚወድቅም አንዳንዴ በእሱ እጅ ይሆናል።

ደግሞ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። የማኅበሩን ደንብ እንደገና የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ አንቀጹን ሁሉ አውቀዋለሁ። ያረቀቁት ሰዎች ከዚህ ከጆርጂያ ግዛት ሕግ ቀድተው ነው መሰል፣ ፕሬዝዳንት የሚሆነው ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ነው፤ ካልተገኘ የላይኞቹ ሁለቱ እዚያው ቀን እንደገና ይወዳደራሉ ይላል። ሁልጊዜ ተወዳዳሪው ሁለት ብቻ ስለነበር ይህ አንቀጽ አንድም ቀን ሥራ አግኝቶ አያውቅም። እኛ ስንገባ ይነቃል።

ሌላም አለ። ደንቡ ድምፅ በሚስጥር ይሰጥ ይላል፤ እኛ ግን እጅ እያወጣን ነው የምንመርጠው። የመክብብ ሹፌሮች ፊት ለፊቱ ተቀምጠው እጃቸውን ለማን ያወጣሉ? በሚስጥር ይሁን ብለን ጠየቅን። አስመራጮቹ እንቢ ሊሉ ሲሉ አንዷለም ደገፈን፤ ለመክብብ የማይመች ነገር ሁሉ ይመቸዋል። ይኸው ገና ሳንመረጥ አንድ ነገር ለወጥን።

ፈትያን ክላርክስተን ሰፈር ከሱቅ በር ላይ ቆማ ቢያይዋት! አንድ ልጅ እግር ሹፌር የቅስቀሳ ወረቀታችንን ለመቀበል ፈራ።

«እኔ የመክብብ ሹፌር ነኝ። እጄን ላንቺ ባወጣ ነገ ሺፍት የለኝም» አላት።

«ዘንድሮ እጅ የለም፣ ወረቀት ነው። መጋረጃው ውስጥ አንተና ፈጣሪህ ብቻ ናችሁ፤ እሱ ደግሞ ሺፍት አይቆርጥም።»

ወረቀቱን ወሰደና ካልሲው ውስጥ ከተተው።

በጣም ደስ እያለኝ ነው ጋሽዬ። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሐምራዊት


አሰላ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሐምራዊት

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ባትሪው ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልስ በማዘግየቴ አትቀየሚኝ።

ልጄ፣ ከምርጫው ብትወጪ ደስ ይለኛል። ገና ወጣት ነሽ፣ ሌላ ጊዜ ይደርስሻል። ማኅበር የትልልቅ ሰዎች ነገር ነው። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

ገሊላ ሰላም ብላሻለች።

አለማየሁ


አትላንታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ አለማየሁ

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰኝ። ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው፤ ቃሉ ግን የእርስዎ አይደለም። ካርታው ተሳስቷል የሚል ልጅ እወዳለሁ ያለኝ ሰው፣ ወር ቆይቶ ቁጭ በይ አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ እሁድ መጣ። የእሁዱን ልንገርዎትና ለምን እንደማልወጣ ራስዎ ይፍረዱ።

የምኖረው ስኔልቪል፣ አክስቴ ውቢት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። አክስቴ በዚህ ዓለም ላይ የቀራት ምኞት እኔን መዳር ነው። እሁድ ከቀትር በኋላ እኔና ፈትያ ታች ሆነን የቅስቀሳ ወረቀት እየጻፍን ሳለ በሩ ተደወለ። አክስቴ ከፈተች። ሦስት አዛውንት፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው ቆመዋል። ፊተኛው አባባ ብርሃኑ ናቸው፤ የተራራው ወገን የሚያከብራቸው ሽማግሌ።

«ቤቶች! ጉዳይ ይዘን መጥተናል። ልጅ ሐምራዊት አለች?» አሉ።

ሽማግሌ ነጠላ ደርቦ፣ ጉዳይ ይዞ፣ ያላገባች ልጅ ስም ጠርቶ ሲመጣ አክስቴ ሌላ ምን ታስብ? እልል አለች! እስከ ጎረቤት ድረስ የሚሰማ እልልታ። እኛ ታች ሆነን የሰማነው እሱን ነው።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ!»

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አባባ ብርሃኑ፣ እንደ ወጉ።

«ወግ ነው፣ ወግ ነው» አለች አክስቴ ደስታዋን መያዝ አቅቷት። «የላካችሁ ማነው? ሥራውስ?»

«የተከበረ ሰው ነው። የራሱ ድርጅት ያለው፣ ብዙ ሠራተኛ የሚያስተዳድር።»

«ተመስገን! መቼም አግብቶ አያውቅም?»

አባባ ብርሃኑ ግራ ተጋብተው ሁለቱን ባልደረቦቻቸውን አዩ። «አግብቷል እንጂ። ሦስት ልጆችም አሉት።»

አክስቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ደረጃው ጫፍ ላይ ደርሻለሁ፤ እጄ በቀለም ተለቅልቋል፤ ፈትያ ከኋላዬ ሳቋን በሻሿ አፍናለች። አንድ ነገር ሳልናገር በሩ እንደገና ተደወለ። ሌሎች ሦስት አዛውንት፣ ነጠላ የደረቡ። የሐይቁ ወገን! አንዷለም የላካቸው።

«ልጅ ሐምራዊት ካለች፣ ጉዳይ ይዘን...» ብለው ሳይጨርሱ የቆሙትን አዩ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አንተስ?»

አክስቴ መሐል ገባች። «እባካችሁ አትጣሉ! ልጅቷ አንዲት ናት፤ በተራ ይሁንላችሁ!»

ፈትያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስድስቱ ግን ቆመው ቀሩ። ሁሉም ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለዋል፤ ማን ቀድሞ ይቀመጥ? በመጨረሻ አባባ ብርሃኑ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጡበትን ተናገሩ፤ ለሰላም ስትይ ከውድድሩ ውጪልን። የሐይቁም ሽማግሌ ቃል በቃል ያንኑ ደገሙት፤ ለሰላም ስትይ።

«አባቶቼ» አልኩ፣ «እናንተ ስድስታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ የቆማችሁት መቼ ነው?»

ማንም አላስታወሰም።

«ዛሬ ቆማችኋል፤ በእኔ ምክንያት። ነገሩ ለሰላም ከሆነ ከመውጣቴ መቆየቴ ይሻላል።»

አክስቴ አሁን ገባት።

«ቆይ፣ ቆይ! ልጄን ለጋብቻ ልትጠይቁ አይደለም የመጣችሁት?»

«አይ እመቤት፣ ከምርጫው እንድትወጣ...»

«እልልታዬን መልሱልኛ!» ብላ ጮኸች። «ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል! ልትድሯት ነው ብዬ ስፈነድቅ ልታወርዷት ኖሯል? አትወጣም! እኔም መራጭ ነኝ፤ የምመርጠውም እሷን ነው!»

ያም ሆኖ እንግዳ ሳይበላ አይወጣም ብላ የጾም ሳምቡሳ አቀረበች። ስድስቱም፣ ከአክስቴ ቁጣ የተነሣ ይመስለኛል፣ እኩል ተቀመጡ። ሲበሉ ያ ሽርሽር ተነሣ። ማን ተራራውን፣ ማን ሐይቁን እንደፈለገ ሲከራከሩ ለካ አባባ ብርሃኑ መጀመሪያ ሐይቁን ነበር የፈለጉት! ተሳሳቁ። የሳምቡሳው ሳህን ሁለት ጊዜ ተሞላ።

ሲወጡ ግን አባባ ብርሃኑ በሩ ላይ ትከሻዬን ይዘው፣ «ልጄ፣ የአገር ቤት ዘመዶችሽም እኮ ተነግሯቸው ተስማምተውበታል» አሉኝ።

ያን ዕለት ሳቄ የቆመው እዚያ ላይ ብቻ ነው። የአገር ቤት ዘመድ ማለት ለእኔ እርስዎ ነዎት። ማን መጣብዎ ጋሽዬ? ስለተስማሙ አልቆጣዎትም፤ የላኩብዎትን ሰዎች ለምን ደበቁኝ ነው የምለው። እኔ አልወጣም። እርስዎ ግን ይንገሩኝ።

ልጅዎ ሐምራዊት


አሰላ፣ ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሐምራዊት

እግዚአብሔር ደስታሽን ይጠብቅልሽ፤ ከእኔ የተሻለ ጠባቂ ያስፈልገዋልና።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የኤልቃና አባት ቤቴ መጡ። ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ፣ «አትላንታ ያለው መክብብ የበኩር ልጄ ነው፤ የኤልቃና ታላቅ። የእናንተ ልጅ እዚያ በሰው ፊት እያሳጣችው ነው። ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ ሰርጉን ልናስብበት ነው» አሉኝ። እኔም ለገሊላ ሳልነግራት ጻፍኩልሽ። አንዲቷን ልጄን ልድር ብዬ ሌላዋን ልጄን ዝም አሰኘሁ። ቃሉ የእኔ አልነበረም፤ አንቺም አወቅሽው።

ደብዳቤሽን ሳነብ «እልልታዬን መልሱልኛ» ላይ ስደርስ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ገሊላ ምን ሆንክ ብላ መጥታ ስልኩን ነጥቃኝ አነበበችው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ሰላም የለም። ከዚህ በታች ያለውን እሷ ናት የጻፈችው፤ አንብቤዋለሁ፤ አልሰረዝኩትም።

አባትሽ አለማየሁ

ሐምሪ፣ ገሊላ ነኝ። በእኔ ስም ውረጂ ተብለሻል፤ እኔ ግን ማንንም አልላክሁም። ኤልቃናን ሄጄ ጠየቅሁት። «የማገባው አንቺን እንጂ የአትላንታን ማኅበር ነው እንዴ?» አለኝ። አባቱ ግን ገና እሺ አላሉም። ሰርጉ በአንቺ መቆም የሚፈርስ ከሆነ ድሮም አልቆመም ነበር፤ ይፍረስ። እንዳትወጪ። ከወጣሽ ነው የምቀየምሽ። ደግሞ የፈትያን ፎቶ ላኪልኝ።


አትላንታ፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ አለማየሁ፣ ለእህቴ ለገሊላም

ሰላምታዬ ገና ድምፁ እንደጎረነነ ይድረሳችሁ፤ ከቅዳሜ ወዲህ ጉሮሮዬ አልተመለሰም። የፈትያን ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ። መጋረጃው ፊት ቆማ ነው። መጋረጃው ላይ ዳክዬ የተሳለው የአክስቴ ውቢት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ስለሆነ ነው። አስመራጮቹ መጋረጃ አላገኘንም ሲሉ አክስቴ ከቤቷ ነቅላ አመጣችው።

አዳራሹ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ሰዉ ከዳክዬዎቹ ጀርባ እየገባ ፈገግ ብሎ ይወጣ ነበር። ያ ካልሲው ውስጥ ወረቀት የከተተው ሹፌር ሲወጣ መክብብን ሰላም አለው፣ ፈትያን ግን ጠቀሳት።

ቆጠራው አለቀ። መክብብ አንደኛ፣ አንዷለም ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ። አልዋሽዎትም፤ ከፋኝ። የሆነ ቦታ ላይ እናሸንፋለን ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። ፈትያ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ቀና በይ። ከግማሽ በላይ ያገኘ የለም።»

እውነቷን ነው። አስመራጮቹ ደንቡን ማገላበጥ ያዙ፤ ያ ተኝቶ የኖረ አንቀጽ ነቃ። መክብብና አንዷለም እንደገና ይወዳደራሉ፤ የሚያሸንፈውም የእኛን መራጮች ያገኘው ነው። ወዲያው መክብብ በቀኜ፣ አንዷለም በግራዬ መጥተው ተቀመጡ።

«እህቴ፣ የሴቶች ጉዳይን ውሰጂ» አለኝ መክብብ በሹክሹክታ።

«እኔ ረዳት ጸሐፊ አደርግሻለሁ» አለኝ አንዷለም።

«አሁን ዋና ጸሐፊ ነኝ እኮ» አልኩት።

ፈትያ ከኋላችን ብድግ አለች። «ልጅቷ ጆሮ ላይ ምን ያንሾካሽካችኋል? ማይክራፎን አለ አይደል! ወጥታችሁ ተናገሩ!»

አዳራሹ አጨበጨበ፤ ሁለቱ ከመውጣት ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። እኔም አብሬያቸው ወደ መድረኩ ወጣሁ። የጠየቅኩት ብዙ አይደለም። የማኅበሩን ቤት ሥራ ያጠናው ሰው ይምራው፤ ከዚህ በኋላ ምንም ድምፅ በእጅ አይሰጥ፤ ሽርሽሩ ይመለስ፣ ቦታውንም ልጆች ይምረጡ።

«እቀበላለሁ» አለ አንዷለም ቀድሞ።

«እኔም እቀበላለሁ» አለ መክብብ።

«እኔ ቀድሜያለሁ!»

«እኔ ደግሞ ከልቤ ነው!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ አባባ ብርሃኑ ከፊት ወንበር ተነሥተው፣ «መክብብ፣ ከልብህ ከሆነ፣ ጥናቱ የማነው?» አሉት፤ የራሱ ወገን ሽማግሌ!

«የእሷ ነው» አለ መክብብ። «የኔ አርማው ብቻ ነው።»

እኔን የመረጣችሁ፣ የሰማችሁትን ሰምታችኋል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ግቡና የፈለጋችሁትን አድርጉ ብዬ ወረድኩ። እገሌን ምረጡ አላልኩም። ስለ ሰርጉም ለመክብብ አንድ ቃል አላነሣሁም፤ የገሊላ ሰርግ የድምፅ ዋጋ አይደለም።

አንዷለም አሸነፈ። በመጀመሪያው ዙር አንደኛ የነበረው በሁለተኛው ወደቀ። በማግስቱ ወደ ሥራ የገባው ሹፌር ሁሉ እንደ ወትሮው ሺፍቱን አገኘ፤ ማን ማንን እንደመረጠ የሚያውቅ የለማ። ከዛሬ ጀምሮ የስኮትዴሉን ቤት ሥራ የምንመራው እኔና ፈትያ ነን፤ ውስጡን ለማየት ነገ እንሄዳለን።

ስንወጣ መክብብ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ጥናቱን ባልወስድብሽ ኖሮ አሸንፌ ነበር» አለኝ።

«አዎ፣ እኔም እመርጥህ ነበር።»

ሳቀ። ቀጥሎ መሬት መሬት እያየ፣ «አባቴን እኔ ነኝ የላክሁት። ዛሬ እደውልለታለሁ» አለኝ። መደወሉን ትናንት ከገሊላ ቴክስት አወቅሁ፤ አባትየው ራሳቸው መጥተው፣ በዚህኛው ጊዜ ሻይ ጠጥተው ሄዱ ትላለች። እንግዲህ እሁድ ሰርግ ነው። እልልታውን በቪዲዮ እንልካለን፤ አክስቴ ጉሮሮዋን እያሟሸች ነው።

ጋሽዬ፣ በደስታ መሐል ይህን ስጽፍልዎት አይክፋዎት። ተቀይሜዎት አላውቅም፤ ስለማልቀየምዎት ነው ፊት ለፊት የምነግርዎት። ሌላ ሰው ስለ እኔ ያለውን ነገር ውቅያኖስ አሻግሮ፣ በምወዳቸው ሰዎች በኩል እንዲልክብኝ ከእንግዲህ አልቀበልም። በእህቴ ደስታ መያዣ እንዲጠየቅብኝ አልቀበልም። ተራሽ ይደርሳል የሚሉኝን አልቀበልም፤ ተራ ጠብቂ የሚለው ሁልጊዜ ከፊት የቆመው ሰው ነው። ቁጣ ይምጣብኝ፣ ምክር ይምጣብኝ፣ እንቢታም ይምጣብኝ፤ ፊት ለፊት ከመጣ ሁሉንም እቀበላለሁ። ለራሴ ጥቅም ተብሎ ከእኔ የሚደበቅ ነገር ግን ከማንም አልቀበልም፤ ከእርስዎም ቢሆን።

ልጅዎ ሐምራዊት